ዘሀራ፣ መመሪያው ወጣ

ለዘሀራዬ፣

ሰላም በአንቺ ላይ ይሁን፤ አላህ ያለሽበትን ያስፋልሽ። ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም፤ ሰው ሲያፈጥር አብሬ አፈጠርኩ፣ ሰው ሲሰግድ አብሬ ሰገድኩ። የዘንድሮው ግን ከበደኝ። ሰዉ ለምዶታል መሰለኝ ስምሽን ማንሳት ትቷል፤ እኔ ደግሞ ሳላነሳሽ የምውልበት ቀን የለም። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። የምነግርሽ ደስ የሚል ነገር ብዙ የለኝም። አንቺ በሕይወት ሳለሽም ቢሆን የተሸፋፈነ ወሬ አትወጂም ነበርና እንዳለ እነግርሻለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ማንጎው ዘንድሮ ነጭ ነገር ቅጠሉን ወረሰውና ፍሬው ሳይበስል ይረግፋል። ሙቀቱ ከአምናው ይብሳል። መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩ ይቆማል፤ እኔም አብሬው እቆማለሁ። በአንቺ በኩል ያለውን የአልጋ ጎን መጽሐፍ ደርድሬበታለሁ፤ ባዶውን ማየት ስላልቻልኩ ነው። ከትምህርት ቤት ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ እሄድና የካራቆሬ ሚኒባሶች ሲያልፉ አይቼ እመለሳለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ዋናው ወሬ ግን ይህ ነው፤ መመሪያው ወጣ። አዎ፣ ያ ስንት ዓመት የደከምሽበት። አንቺ ሳትኖሪ ወጣ። ምን ሆኖ እንደወጣ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ከአንቺ ሌላ የሚያነበው ሰው አይጠፋም፤ ያ ሰው በአንድ ወረቀት የተነሳ ይህን ሽማግሌ ምን ያስለቅሰዋል እንዳይል መንገድሽን ከመነሻው ላስታውስ።

የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ፣ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ነው። ከቀወት የመጣሽ፣ ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ የምታስሪ፣ ከላቦራቶሪ ከሁሉም በኋላ የምትወጪ ልጅ ነበርሽ። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝና ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤት የምንመለሰው በአንድ አውቶቡስ ነበር። ጣርማ በር ላይ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ወሬሽን ታቋርጫለሽ፤ ስንወጣ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ያኔ የምታወሪው ስለ ውሃ ነበር። በአገራችን ጉድጓዶች ውስጥ ምን እንዳለ ማንም ለክቶ እንደማያውቅ ነገርሽኝ። "ይገርማል ሰይዶ፣ ሰው የሚጠጣውን አያውቅም" አልሽኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ የምሰማው ድምፅሽን ነበር።

ተጋባን። እኔ ሸዋ ሮቢት ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመርኩ፤ አንቺ አዲስ አበባ አንድ የምርምር ተቋም ተቀጠርሽ። ባል ቆላ፣ ሚስት ደጋ፤ ይህ ምን ዓይነት ትዳር ነው አለ ሰው። ለእኛ ግን ትዳር ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ትመጫለሽ፤ ስትመጪ ከልብስሽ ሻንጣ ይልቅ የናሙና ሳጥንሽ ይከብዳል። የሚኒባስ ረዳቶቹ ስላወቁሽ ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ሳይሆን እግርሽ ሥር ያስቀምጡልሽ ነበር። ሰሚራ ከተወለደች በኋላም እንደዚያው ቀጠልን። ልጅ የማጥበው፣ ጸጉር የምጎነጉነው እኔ ነበርኩ። ሰፈሩ ሳቀብኝ፤ ሲቆይ ለመደው። እኔ ጸጉሯን ስጎነጉን ጠማማ ስለሚሆን ቅዳሜ አንቺ ፈትተሽ እንደገና ትሠሪው ነበር።

ለዶክትሬትሽ ውጭ አገር ሄድሽ። አብረውሽ የሄዱት አብዛኞቹ እዚያው ቀሩ። አንቺ ተመለስሽ። ለምን ተመለስሽ ሲሉሽ "የሙሄ ማሳ እዚያ የለም" ትያቸው ነበር። እነሱ ቀልድ ይመስላቸዋል። ሙሄ ታናሽ ወንድምሽ መሆኑን፣ አባታችሁ ሲያልፉ እርሻው ለእሱ መቅረቱን የት አውቀው።

ሙሄ ማሽላና ማሾ ሲዘራበት የኖረው መሬት መስኖ ሲደርሰው ሽንኩርት ተከለበት። ሽንኩርት ደግሞ ያለ መድኃኒት አይሆንም። ገበሬው ሁሉ "መድኃኒት" ነው የሚለው፤ አንቺ በዚህ ቃል ትበሽቂ ነበር። "መድኃኒት የሚያድን ነው፤ ይህ መርዝ ነው" ስትይው ሙሄ ይስቃል። "ሽንኩርቱን ካዳነልኝ ሌላ ምን ልበለው?" ይልሻል። እጁን ሳይሸፍን፣ ፊቱን ሳይከልል፣ መርጫውን እንደ ልጅ አዝሎ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ማታ በዚያው ሸሚዝ ራት ይበላል።

ከውጭ በተመለስሽ ሰሞን ከጉድጓዱ፣ ከመስኖው ቦይና ከሽንኩርቱ ናሙና ወሰድሽ። በባጃጅ ስንዞር ከረምን፤ ባጃጅ የማይገባበትን በእግራችን ሄድን። ውጤቱ ሲመጣ ገበሬዎቹን አዳራሽ ውስጥ ሰብስበሽ ነገርሻቸው። ሌላ አገር ከገበያ ያስወጡት መርዝ እናንተ በምትጠጡት ውሃ ውስጥ አለ አልሻቸው። አነጋገርሽ ቀላል ነበር፤ ዶክተር አልመሰልሽም፣ የእነሱው ልጅ ነበር የመሰልሽው። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማሽ። ከዚያ ሙሄ ከኋላ ተነሳ።

"ዘሀሩ፣ እሺ፣ አለ አልሽን፤ አመንን። ይህን ትቼ ምን ልርጭ?"

እናጠናዋለን፣ አማራጩን እናመጣላችኋለን አልሽ። ሰዉ አመስግኖ ተበተነ። በማግስቱ ሁሉም መርጫውን አዝሎ ወደ ማሳው ወረደ።

በስብሰባው ዕለት ማታ ቤት ገባን። ጫማሽን እያወለቅሽ፣ "መለካት ብቻውን ምንም አያደርግም ሰይዶ" አልሽኝ። "እኔ ለክቼ ሪፖርት አስቀምጣለሁ፤ እነሱ ይረጫሉ።" አንቺን ከላቦራቶሪው ወደ ወንበሩ የወሰደሽ የሹመት ጥማት አይደለም። ይህን ያላወቁ ሰዎች ዘሀራ ሥልጣን አማራት ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺም ሰምተሻል።

በመጀመሪያ የክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎ የተቋሙ ዳይሬክተር ሆንሽ። ዳይሬክተር ስትሆኚ ያገኘሽው ላቦራቶሪ በአንድ ጠብታ ውስጥ ያለውን መርዝ ለይቶ የሚያሳይ ትልቅ ማሽን ነበረው፤ ማሽኑ ግን በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። የጎደለው አንዲት ዕቃና ከውጭ የሚመጣ ጋዝ ነው። ለእነሱ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የተቀመጥሽውን እኔ ነኝ የማውቀው። ቅዳሜ ስትመጪ እግርሽ አብጦ ይመጣል። "ዛሬም ነገ ነው ያሉኝ" ትያለሽ፤ ትስቂያለሽ። ያኔ ገና ትስቂ ነበር።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ። በትምህርት ሰዓት ደውለሽልኝ ስለማታውቂ ደንግጬ ወጣሁ። "ሰይዶ፣ ተነሳ! ማሽኑ ተነሳ!" ብለሽ ጮህሽ። ከኋላሽ የልጆቹ እልልታ ይሰማል። በሕይወትሽ እንደዚያ ስትደሰቺ የሰማሁት ሰሚራ ስትወለድና ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የአንቺ ምርጥ ዓመታት ነበሩ። ከየአገሩ ናሙና ይመጣላችሁ ጀመር። ወጣቶቹን ራስሽ አሠለጠንሻቸው። በተለይ ቢንያም የሚባለውን፣ ያን ቀጭን ልጅ፣ "ከእኔ ይበልጣል" ትዪው ነበር። ሙሄ ለጠየቀሽ ጥያቄ መልስ የጀመራችሁትም ያኔ ነው፤ ኒም ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ነገር ከሽንኩርት ተባይ ጋር አገናኝታችሁ ስትሞክሩ። ጥሩ ጀምሮ ነበር አይደል? ሙሄ ራሱ አንድ ጥግ ማሳ ሰጥቷችሁ ነበር።

ከዚያ የሚኒስቴሩ ጥሪ መጣ። የሳይንስ ፖሊሲ አማካሪ ሁኚ አሉሽ። ያን ጊዜ አብረን ወደ ቤት እየወረድን ነበር። ጣርማ በር ላይ መኪናው ቆሞ፣ አንቺ ነጠላሽን ተከናንበሽ ከቆሎ ሻጮቹ አጠገብ ቆመሽ፣ ከታች የእኛ ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ። "ልግባበት ወይስ ልተወው?" አልሽኝ። እኔ አሥረኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ስለ ሚኒስቴር ምን አውቃለሁ አልኩሽ። ሳቅሽ። ከዚያ ሳቅሽን አቁመሽ፣ "እኔ አንድ ወንዝ አጥንቼ አንድ ቀበሌ ነው የምደርሰው። አንድ መመሪያ ግን አገር ሁሉ ይደርሳል" አልሽ። ቆሎውን ለእኔ ሰጠሽኝና ወደ መኪናው ገባሽ። በሐሳብሽ ወስነሽ ጨርሰሽ ነበር።

የመጀመሪያው አለቃሽ ሰሚ ሰው ነበሩ። ረቂቁን ጻፊ አሉሽ፤ ጻፍሽ። አደገኞቹ ኬሚካሎች ከገበያ ይወጣሉ፣ በችርቻሮ እየተቀዱ አይሸጡም፣ ለገበሬው አማራጩ በመንግሥት በኩል ይቀርባል፣ የሚል ነው። እሳቸው ሊፈርሙበት ሲቃረቡ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። አዲሱ መጡና "ከመጀመሪያው እንየው" አሉ። ከመጀመሪያው ታየ። ባለድርሻ አካላት ይወያዩበት ተባለ። ነጋዴዎቹ በጥሩ ሱፍ መጥተው ስለ ገበሬው ምርት ተጨነቁ። ዎርክሾፕ ተደረገ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሳይሰበሰብ እኚያም ተነሱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ረቂቁን ይዘሽ ትመጪና ጮክ ብለሽ ታነቢልኝ ነበር። እኔ አማርኛውን አርምልሻለሁ፣ አንቺ ሳይንሱን። ቃላቱ በየወሩ ሲቀየሩ አብረን አየን። "ይከለከላል" የነበረው "ቀስ በቀስ ይቀንሳል" ሆነ። ቀጥሎ "በጥንቃቄ ይሠራበታል" ሆነ። የዚያን ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽና መነጽርሽን አውልቀሽ ዓይንሽን አሸሽ። "በጥንቃቄ ማለት ምን ማለት ነው ሰይዶ? ሙሄ ይህን ሲያነበው ምን ያደርጋል?" አልሽኝ። እኔም ሙሄ አያነበውም አልኩሽ። "አዎ፣ አያነበውም" አልሽ።

ሙሄ የወደቀው በዚያው ሰሞን ነው። ቀትር ላይ እየረጨ ማሳው ውስጥ ተደፋ። ፋጡማ ሚስቱ ጮሃ ሰው ሰበሰበች፤ በባጃጅ አምጥተው ሆስፒታል አስገቡት። እኔ ስደውልልሽ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ስለዚሁ ነገር ንግግር እያደረግሽ ነበር። አቋርጠሽ መጣሽ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠሽ አጎንብሰሽ ሸሚዙን አሸተትሽው፤ ሽታውን ታውቂዋለሽ። "ሙቀቱ ነው" አለሽ ሙሄ፣ ከንፈሩ ደርቆ። ተው አልሽው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቅሰሽ ለመንሽው። እሱም አለቀሰ፤ ግን እንዲህ ነው ያለሽ፤

"እህቴ፣ ገበያ ላይ ከሌለ አልገዛውም። እኔን ከምትለምኚ እነሱን ለምኚልኝ። ሁሉም እየረጨ እኔ ብቻ ብተው ተባዩ የሚሰፍረው የእኔ ማሳ ላይ ነው።"

ከሆስፒታሉ ስንወጣ "እውነቱን ነው" አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ትተሽ ነበር። ቅዳሜ መምጣትም ትተሽ ነበር። መንገዱም በፀጥታው ችግር በየጊዜው ይዘጋ ጀመር፤ አንዳንዴ ወር ሙሉ በስልክ ብቻ እንገናኛለን። እንደገና ጻፍሽ፣ እንደገና አስረዳሽ። ለሦስተኛው አለቃሽ የሙሄን ነገር ስሙን ሳትጠሪ ነገርሽው። "ያሳዝናል" አለሽ። ከዚያ ሻይ አዘዘልሽ።

ኩላሊትሽ መታመሙን የነገርሽኝ ዘግይተሽ ነው። ለእኔ ድካም ነው ትዪኝ ነበር። እጥበት ስትጀምሪ አዲስ አበባ እህቴ ቤት አብሬሽ ከረምኩ። እጥበቱ አልጋ ላይ ሆነሽ ረቂቁን ታርሚ ነበር፤ ነርሷ ወረቀቱን ስትቀማሽ ትቆጫታለሽ። ለጥየቃ የሚመጡት ዘመዶች ሁሉ "ያ ኬሚካል ነው የበላት" ይሉ ነበር። ሙሄም ይህንኑ አለ። አንቺ ግን ተቆጣሽ። "የአንድ ሰው በሽታ ምንም አያረጋግጥም። ያልለካሁትን በእኔ ስም አታውሩ" አልሻቸው። ኬሚካሉን ያን ያህል እየጠላሽው ያለ ማስረጃ ልትወነጅይው አልፈለግሽም። እኔ ያኔ በልቤ፣ ምናለ አንዴ እንኳ ብትወነጅይው ብያለሁ። ምናልባት ይሰሙሽ ነበር።

በመጨረሻ ውሰደኝ አልሽኝ። መንገዱ ጋብ ያለበት ቀን ተገኘና ወረድን። ዋሻውን አልፈን ሙቀቱ ሲቀበለን መስኮቱን አስከፈትሽኝ። ቤት ገብተሽ ብዙ አልቆየሽም። ጁምዓ ጠዋት ሰሚራ እጅሽን ይዛ፣ እኔ ራስጌሽ ሆኜ ሄድሽ። ከሰዓት በኋላ ቀወት፣ ከአባትሽ ጎን ቀበርንሽ። ከመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች በማግስቱ በመኪና መጡ። አንደኛው ቆሞ ተናገረ፤ የአገር ባለውለታ ነበረች፣ የለፋችበት መመሪያም በቅርቡ ይወጣል አለ። ሙሄ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ ሰማው።

እንግዲህ ወጣ። ከአንድ መምህር ጓደኛዬ ስልክ ላይ አገኘሁትና አትሜ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንቺ እንደምታነቢው፣ ጮክ ብዬ። የአንቺ ዓረፍተ ነገር የት አለ ብዬ ፈለግኩ። መግቢያው ላይ ስለ ሰው ጤናና ስለ አካባቢ የጻፍሽው አለ፤ ያምራል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ያ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ያገኘሽው ኬሚካል አልተከለከለም። "በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚረጭ" ተብሎ አባሪ ላይ ተቀምጧል። አማራጩ በመንግሥት ይቀርባል ያልሽው ወጥቷል። እየተቀዱ መሸጥን የሚከለክለው አንቀጽ አለ፤ ቅጣቱ ግን የለም።

ገበያ ወጣሁ። መድኃኒት ሻጩ በር ላይ ትልቁ ጀሪካን እንደተቀመጠ ነው፤ ከእሱ እየተቀዳ በሃይላንድ ይሸጣል። ሃይላንዱ ላይ የውሃው ስም አሁንም አለበት። ግብርና ቢሮ ሄጄ መመሪያው ደርሷችኋል ወይ አልኩት ባለሙያውን፤ አስተምሬዋለሁ፣ ጨዋ ልጅ ነው። "ደርሶናል ጋሼ" አለና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየኝ። ታዲያስ አልኩት። "ሰው የለንም፣ መኪና የለንም። መንገዱንም እርስዎ ያውቁታል" አለኝ። አልተከራከርኩትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚያ የተለየ አልልም።

ቢንያም ለዒድ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ክርስቲያን ሆኖ ዒድን ሳይረሳ መምጣቱ ልቤን ነካው። ማሽኑ ተመልሶ ቆሟል አለኝ። ያሠለጠንሻቸው ልጆች ተበትነዋል፤ የኒሙም ነገር በዚያው ቀርቷል። አንተስ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ ኬሚካል የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ እንደሚሠራ ነገረኝ። ለነጋዴዎች ስለ ዕቃው የሚያስረዳው እሱ ነው። "ልጅ ወለድኩ ጋሼ፣ ምን ላድርግ" ብሎ አለቀሰ። አቀፍኩት። ዘሀራዬ፣ ብትቀየሚኝም አቅፌዋለሁ።

ሙሄ በሕይወት አለ። ግን ከወደቀበት ቀን ጀምሮ እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ብርጭቆ ይዞ ውሃ ሲጠጣ ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈስሳል። መርጫ ማዘል አይችልም። አሁን የምታዝለው ፋጡማ ናት።

አሁን ደግሞ ስሸሸው የቆየሁትን ልንገርሽ። ሰሚራ ሄዳለች። ኬሚስትሪ ጨርሳ፣ ዲግሪዋን ይዛ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። የአንቺ ልጅ መሆኗን ያወቁት ሁሉ ስለ አንቺ ጥሩ ጥሩ ነገር ይነግሯትና ይሸኟታል። እኔ የእናትሽን መንገድ አትተዪ ብዬ ነበር። "አባዬ፣ የእማ መንገድ የት አደረሳት?" አለችኝ። በክፋት አልነበረም የጠየቀችኝ። ዒድ ባለፈ ማግስት ወደ ዓረብ አገር ሄደች፤ ለቤት ሥራ። ሻንጣዋን የሸከፍኩላት እኔ ነኝ።

ትደውላለች። በቅርቡ ስትደውል ማዳሟ በረኪናውንና የመታጠቢያ ቤቱን አሲድ ቀላቅለሽ አፍስሺ ብላ እንዳዘዘቻት ነገረችኝ። ሰሚራ አይሆንም አለቻት፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል ብላ በተሰባበረ ዓረብኛዋ አስረዳቻት። ሴትዮዋ ተቆጣች፤ አንቺን ማን ኬሚስት አደረገሽ የሚል ነገር አለቻት። ሰሚራ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብኩት። ከአንቺ ወደ እሷ የተሻገረው እውቀት ሁሉ የሰው አገር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለአንዲት ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ይኸው ነው ፍሬው እንድልሽ አትጠብቂ። ልጄ በዚያ ቀን ባለመሞቷ ብቻ ነው አላህን ያመሰገንኩት።

አንዳንዴ፣ ከላቦራቶሪሽ ባትወጪ ኖሮ እላለሁ። ጋዎንሽን ለብሰሽ፣ ጠብታሽን እየለካሽ ብትቀሪ ዕድሜሽ ይረዝም ነበር? ሌላ ጊዜ ደግሞ ያም ቢሆን ሙሄ ይረጭ ነበር እላለሁ። በሁለቱም መንገድ ብሄድ ወደዚሁ ቤት ነው የምመለሰው። የሚጠይቁኝ ሰዎች ድካሟ ከንቱ አልቀረም እንድል ይጠብቃሉ። አልልም። ከንቱ ቀርቷል ማለትም ያቅተኛል። ሰዎቹም አልሐምዱሊላህ በል ብለውኝ ይሄዳሉ። እላለሁ።

ባለፈው ጁምዓ መቃብርሽ ጋ መጥቼ ነበር። ዙሪያውን ሽንኩርት ተክለውበታል፤ እስከ መቃብሩ አጥር ድረስ አረንጓዴ ነው። ነፋሱ ሽታውን ወደ እኔ ያመጣዋል። አፍንጫዬን በሽርጤ ጫፍ ሸፍኜ ተጠጋሁ። ከአጥሩ ማዶ ፋጡማ መርጫውን አዝላ ትረጭ ነበር፤ እኔን ስታይ እጇን ከመርጫው አነሳች። ዱዓዬን እስክጨርስ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሸክሟን ሳታወርድ ጠበቀችኝ። ጨርሼ ስነሳ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ መርጨቷን ቀጠለች።

ሌላ የምሰጥሽ ነገር የለኝም ዘሀራዬ። መመሪያውን አላስተካክልም፣ ሙሄን አላድንም፣ ሰሚራንም አልመልስም። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ግን ማን እንደነበርሽ፣ ምን እንደፈለግሽ፣ እንዴት እንደደከምሽ አልረሳም። የሚጠይቀኝ ባይኖርም ለራሴ እነግረዋለሁ።

ያንቺው ሰዒድ
ሸዋ ሮቢት